የተመዘገበው ተማሪና የጻፈው ተማሪ

በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ ሂስ ሲባል ልብ ወለድ ወይም ግጥም ተይዞ ይዘቱና ቅርጹ ሲመረመር ነው የለመድነው። እኔ ዛሬ የያዝኩት ግን ልብ ወለድም ግጥምም አይደለም፤ ጎተራ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎቻቸውን የጥናት ጽሑፍና የግቢያቸውን መዛግብት እያከማቹ በኢንተርኔት የሚከፍቱትን ቤተ መዛግብት ማለቴ ነው። «ጎተራ ደግሞ እንዴት ይተቻል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ምኑ ገባ፣ ምኑ በወንፊት ቀረ፣ ከገባውስ የትኛው ከላይ የትኛው ከሥር ሆነ ብሎ የጠየቀ ይተቸዋል። ክምችት ሁሉ መራጭ አለው፤ መራጭ ያለው ነገር ደግሞ እንደ ድርሰት ይነበባል።

ነገሩን ያስጀመረኝ የራሴ ጭንቀት ነው። ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌም ሴቶች በድንጋይ ወፍጮ እህል ሲፈጩ የሚያንጎራጉሩትን ግጥም የሚመለከት ነው። ርእሱን የመረጥኩት አያቴን ተማምኜ ነበር። አያቴ ግን የሞተር ወፍጮ ቀበሌያችን ከገባ ወዲህ መጅ ጨብጣ አታውቅም። በገና ሰሞን አጠገቧ ተቀምጬ «እምዬ፣ እስቲ አንድ ሁለቱን በይልኝ» ብዬ ብለምናት፣ «ልጄ፣ እሱ ከመጁ ጋር ነው የሚመጣ፤ እጅ ሳይሠራ አፍ ከየት ያወጣዋል?» ብላኝ ወደ ጓዳዋ ገባች። ሁለት ስንኝ እንኳ አልሰጠችኝም። ለካ ግጥሙ በቃል ብቻ ሳይሆን በክንድ ውስጥም የተቀመጠ ኖሯል፤ ክንዱ ሥራውን ሲተው እሱም አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ የቀረኝ ከእኔ በፊት የነበሩ ተማሪዎች፣ መጁ ገና ሳይቆም፣ የሰበሰቡትን መፈለግ ነበር። የእኛ ግቢ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ ይርቃል። ስለዚህም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎችን በኢንተርኔት ከፍቶ ማኖሩ ለእኛ ለሩቆቹ ምን እንደሚጠቅም ስድስት ኪሎ ተቀምጦ የሚማር ሰው በቀላሉ አይገባውም። ሌሊት፣ የዶርሙ ልጆች ተኝተው ኔትወርኩ ፈጠን ሲል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በስልኬ ስንቱን አውርጄ አንብቤአለሁ። ሂሴን ከማቅረቤ በፊት ይህን ማለት ይገባኛል፤ ያጎረሰ እጅ ይመሰገናል።

ካወረድኳቸው መካከል በሥነ ቃል ላይ የተሠራ አንድ የማስተርስ ጽሑፍ ነበር። ጸሐፊውን አልጠቅስም፤ ክፉ ሥራ ስለሆነ ሳይሆን ነገሬ ከሰውየው ጋር ስላልሆነ ነው። በጽሑፉ መካከል፣ በግርጌ ማስታወሻ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀረበ የመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ተጠቅሷል። ርእሱን ሳየው ልቤ ዘለለ፤ የእኔው ርእስ ነው! በቤተ መዛግብቱ ውስጥ በጸሐፊው ስም ፈለግኩ፣ በርእሱ ፈለግኩ፣ በዓመቱ ፈለግኩ። ግርጌ ማስታወሻው አለ፤ የተጠቀሰው ጽሑፍ የለም። በቤተ መዛግብቱ ያለው በአብዛኛው የማስተርስና የዶክትሬት ሥራ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እዚያ የሚታየው እንደዚህ ነው፤ በሌላ ሰው ገጽ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል።

ለፋሲካ ቤተ ሰብ ዘንድ የምሄድበትን ገንዘብ ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎች ተጠርዘው ተቀምጠዋል። መጽሐፉን ያመጡልኝ ሽማግሌ «ይሄን የሚጠይቅ መጣ ደግሞ!» ብለው ፈገግ አሉ። «ምነው ጋሼ፣ ሰው አያነበውም እንዴ?» ስላቸው፣ «ያነቡታል እንጂ፤ ግን ሁሉም መጨረሻውን ገልጦ ምንጩን ቀድቶ ይሄዳል» አሉኝ። እኔ ከፊቱ ጀመርኩ።

ጽሑፉ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የተመታ ነው። መኪናው አንዳንድ ፊደል ቆርጦ ይተዋል፤ ጸሐፊው ደግሞ የጎደለውን ቅጥያ በብዕር እየሞላ ሄዷል። ምስጋናው ላይ መምህራኑን ካመሰገነ በኋላ እናቱን ያነሣል። እህል እያለ ሁለት ሌሊት ጎረቤት ሰብስባ ስለፈጨችለት፣ ማለት ጥናቱ እንዲሠራ ብላ ስለፈጨችለት። ከዚያ የተረፈው ዱቄት ምን እንደ ሆነም ጽፏል፤ ለበዓል ጠላ ተጠምቆበታል። ከዚያ ግጥሞቹ ይመጣሉ። በየግጥሙ ሥር ምን እህል ሲፈጭ እንደ ተባለ ተመዝግቧል፤ ጤፍ ሲሆን ዜማው እንደሚረዝም፣ በቆሎ ሲሆን እየተቆራረጠ እንደሚሄድ፣ ፈጪዋ ሲደክማት የትኛው ቃል እንደሚደጋገም። አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ላይ እናቴ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም» ይላል። ዛሬ ይህን የሚጽፍ ተማሪ አማካሪው በቀይ እስክሪብቶ ይሠርዝበታል። እኔ ግን በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ስለ እንጉርጉሮ ያወቅሁት ከብዙ የንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ ያላገኘሁትን ነው።

አሁን ወደ ማስተርሱ ጽሑፍ እንመለስ። ከዚያ ሁሉ የወሰደው ምንድን ነው? ምደባውን። የመጀመሪያው ተማሪ ግጥሞቹን በአራት ከፍሎ ነበር፤ የፍቅር፣ የምሬት፣ የናፍቆትና የቀልድ በማለት። ሁለተኛው ጸሐፊ እነዚህን አራት ስሞች ወስዶ በሠንጠረዥ አስገባቸው። ጤፉና በቆሎው ቀረ። ድካሙ ቀረ። የእናትየው ዕንባ ቀረ። በዚህ ላይ ማንም ማንንም አልሰረቀም፤ ምንጩ በሥርዓት ተጠቅሷል። ይሁን እንጂ በኢንተርኔት ለሚያነበው ሰው ያ ጥናት አራት ቃል ሆኖ ቀርቷል። እኔም የአውቶቡስ ገንዘብ ባላገኝ ኖሮ በአራት ቃልነቱ አውቄው እመረቅ ነበር።

ይህን የፈጠረው የአንድ ጸሐፊ ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። የጎተራው ቅርጽ ራሱ አጻጻፍን ይቀርጻል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ዲስፔስ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ፣ ኤም.አይ.ቲ. ከሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋምና ከኤች.ፒ. ኩባንያ በትብብር የወጣ ነው። ነፃ ነው፣ ጥሩ ነው፤ ድሃ ዩኒቨርሲቲም ይጠቀምበታል። ግን ሳጥን አለው። የርእስ ሳጥን፣ የደራሲ ሳጥን፣ የቀን ሳጥን፣ የአኅጽሮተ ጥናት ሳጥን። ሰው ሳጥን ሲሰጠው በሳጥኑ ልክ ይጽፋል። በተከታታይ ሃያ አኅጽሮተ ጥናት ያነበበ ሰው ሃያ ጊዜ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ «የዚህ ጥናት ዓላማ ... መመርመር ነው፤ መረጃው በቃለ መጠይቅና በምልከታ ተሰበሰበ፤ ውጤቱም እንደሚያሳየው...»። ይህ ድምፅ የማን ነው? የጎጃም ልጅ ነው? የሐረር ልጅ ነው? ወንድ ነው ሴት? ማንም አይደለም፤ የሳጥኑ ድምፅ ነው። የድሮው ተማሪ ጽሑፍ አኅጽሮተ ጥናት የለውም። ስለዚህም አሁን ወደ ሳጥኑ ላግባህ ቢባል እንኳ አንዱ ሳጥን ባዶ ይሆንበታል፤ ባዶ የሆነበት ደግሞ ሲፈለግ ወደ ኋላ ይቀራል።

የደራሲው ሳጥንማ ያስቃል። የፈረንጅ ሥርዓት የቤተ ሰብ ስምን ያስቀድምና ነጠላ ሰረዝ አድርጎ የራስን ስም ያስከትላል። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። ስለዚህ ልጅ ዓይኑ እስኪጠፋ የጻፈውን ጽሑፍ አባት ይወስደዋል ማለት ነው! አባቴ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነው። ነገ ጽሑፌ ቢገባልኝ በካታሎጉ ላይ የወፍጮ እንጉርጉሮ ተመራማሪ ሆኖ የሚቀድመው እሱ ነው። ደስ ይለው ይሆናል። ከቀልዱ ባሻገር ግን አንዱ ሠራተኛ በፈረንጅ ሥርዓት፣ ሌላው በእኛ ሥርዓት ሲመዘግብ አንድ ጸሐፊ ሁለት ሰው ይሆናል፤ የሚፈልገው ሰውም ግማሹን ሥራ ብቻ ያገኛል።

ፊደላችንም የራሱን ጣጣ ያመጣል። «ሥነ ጽሑፍ» ብዬ ስፈልግ የማገኘውና «ስነ ጽሁፍ» ብዬ ስፈልግ የማገኘው አንድ አይደለም። ለእኛ ጆሮ ሠና ሰ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ሀ፣ ሐና ኀን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እያፈራረቃችሁ አንዲት ርእስ ስንት ጊዜ መጻፍ እንዳለባችሁ አስሉት። ከዚህም የባሰ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፊደሎች የተተየበ ጽሑፍ በዓይን ሲታይ አማርኛ ነው፤ ውስጡ ግን በላቲን ቁጥር የተቀመጠ ነው። ቃል ቢፈለግበት አይገኝም። በስካነር የተነሣውም ቢሆን ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። አለ፣ ግን የለም። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው የቋንቋ ትምህርት ክፍልና የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ነው፤ እኛ ግን በካፌ ሰልፍ እንኳ አንነጋገርም።

አንዳንዱ «የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፍ ምን ቁም ነገር አለውና!» ይላል። እስቲ ታሪኩን እንይ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው በ1978 ነው። በመካከል ባሉት 28 ዓመታት የተማሪ ጥናት የሚባለው በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ጥናት ነበር። «ማስተርስና ዶክትሬት ብቻ» ብሎ የሚጀምር ጎተራ፣ ሳያስበው፣ ለዚህ ሁሉ ዘመን በሩን ይዘጋል።

ጥናቱስ ምን ዓይነት ነበር? በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የነበረው የኢትኖሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1961 ድረስ መጽሔት አውጥቷል። ተማሪዎቹ ወደየመጡበት አገር ተመልሰው ሠርጉን፣ ለቅሶውን፣ የእጅ ሙያውን እየጠየቁ ጽፈዋል። የሃያ ዓመት ልጆች ናቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. የመጽሔቱ ቁጥሮች በአሉላ ፓንክረስት አዘጋጅነት ተሰብስበው እንደ ገና ታተሙ። የአርባ ዓመት የተማሪ ወረቀት ምሁራን እንደ ገና ያሳተሙት ለትዝታ ብለው አይመስለኝም፤ በሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ስላለበት ነው። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍም እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ እስከ ዛሬ የምንማርበት ነው። በየምዕራፉ የተዘረዘሩትን ምንጮች ያየ ሰው የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፎች በብዛት ያገኛል። ሁላችንም ለፈተና የምንሸመድደው ታሪክ በከፊል እንደ እኛ ዶርም ተኝተው ያጠኑ ልጆች የለቀሙት ነው ማለት ነው። የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ጽሑፎች ጄስቶር ላይ ይገኛሉ፤ መምህሩ እዚያ ይነበባል፤ መምህሩ የጠቀሰው ተማሪ ግን ስድስት ኪሎ ድረስ መጥቶ ካርድ ለሚሞላ ሰው ብቻ ይነበባል።

እስካሁን የተናገርኩት ለማዕረግ ስለ ተጻፈው ነው። ተማሪ ለተማሪ የጻፈውስ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመረው። ዩኒቨርሲቲ ስለ ተማሪው መዝገብ የለውም አይባልም። ውጤቱን ያውቃል፣ የካፌ ካርዱን ያውቃል፣ የሰበረውን ወንበርና የከፈለበትን ክሊራንስ ያውቃል፤ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀርቦ እንደሆነም ፋይል አለው። የተመዘገበው ተማሪ ሙሉ ሰው ነው። የጻፈው ተማሪ፣ ያነበበው፣ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ግጥም ያሰማው፣ እሱ ነው የጠፋው። እ.ኤ.አ. በ1961 ታምሩ ፈይሳ በኮሌጅ ቀን «ድሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ሲያነብ አዳራሹ ምን እንዳለ፣ የት ላይ እንደ ተጨበጨበ፣ የት ላይ ዝም እንደ ተባለ የሚነግረን ወረቀት ብናገኝ ለሥነ ግጥም ታሪካችን ምንኛ በጠቀመ! ያ ግጥም ለወረቀት ብቻ አልተጻፈም፤ ለአዳራሽ ነው የተጻፈው።

ሌላ ምሳሌ ልስጥ። ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች ማኅበር ልሳን ላይ ወጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በጥቂት ገጽ የሚያልቅ የተማሪ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህች አገር ፖለቲካ ውስጥ የእሱን ያህል የተወደሰና የተወገዘ የተማሪ ወረቀት አላውቅም። ዛሬ በኢንተርኔት እንደልብ ይገኛል። ግን ምኑ ነው የሚገኘው? ሰዎች እንደ ገና የተየቡት ጽሑፍ፤ አንዱ ሊያወድሰው፣ ሌላው ሊከሰው የለጠፈው። እኔ እንደ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ማየት የምፈልገው ገጹን ነው። በዚያው ቁጥር ከጎኑ ምን ወጥቶ ነበር? ካርቱን ነበረበት? ስለ ካፌ ወጥ የቀረበ አቤቱታ ነበረበት? በሚቀጥለው ቁጥር የመለሰለት ተማሪ ነበር? ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ብቻውን የተቀመጠ ጽሑፍ ሐውልት ይመስላል፤ ሐውልትን ደግሞ ወይ ይሳለሙታል ወይ ይወግሩታል። በመጽሔቱ ውስጥ ሳለ ግን በክርክር መካከል የተነሣ አንድ የተማሪ ድምፅ ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እኔ ጽሑፉን እደግፋለሁ ወይም እቃወማለሁ አላልኩም፤ በቅጡ ይነበብ ነው ያልኩት።

እነዚያ ወረቀቶች ለምን እንደ ጠፉ አስተዳደሩን ብቻ መውቀስ አይቻልም። በ1969 ዓ.ም. አሰሳ ሲመጣ ስንት እናት የልጇን ወረቀት ምድጃ ውስጥ እንደ ጨመረች ከየቤታችን ሰምተናል። ወረቀት ያስገድል ነበር። የተረፈውን ለቃቅመው የጻፉልን አሉ፤ ራንዲ ሬኒንግ ባልስቪክ የተባሉ የኖርዌይ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ዘመኑ ተማሪዎች ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ፕሮፌሰር ባሕሩም በ2014 ባወጡት። ባሕሩ ከዚያ አስቀድሞ፣ በ2010፣ የእንቅስቃሴው ተካፋዮች በቃላቸው ያወሩትን በመጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ሰው ሲያወራ በስልሳ ዓመቱ ልብ ነው የሚያወራው። በሃያ ዓመቱ ያሰበውን የያዘው ወረቀቱ ነው።

ይህን ሁሉ ሳስብ አንድ ነገር ያስገርመኛል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ 9 ሺህ ያህል የብራና መጻሕፍት ከየገዳማቱና ከየአብያተ ክርስቲያናቱ በማይክሮፊልም ተነሥተው፣ ቅጂያቸው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ይገኛል፤ ብዙዎቹም ዛሬ በኢንተርኔት ይታያሉ። በ15ኛው ምዕተ ዓመት አንድ መነኩሴ በኅዳጉ ላይ የጻፈውን እዚህ ዶርም ተኝቼ ማየት እችላለሁ። የ1962ቱን የስድስት ኪሎ ስቴንስል ግን በዚያ መንገድ አላገኘሁትም። ብራና ቆዳ ነው፤ ይቆያል። የስቴንስል ወረቀት ርካሽ ነው፤ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይሰባበራል። መቸኮል የሚገባው ለየትኛው ነበር?

ረቂቄን የዶርም ጓደኛዬ አነበበውና ተቆጣ። «አንተ ሁሉም ይቀመጥ ትላለህ፤ ግማሹ የመመረቂያ ጽሑፍ ቅጂ እንደሆነ ታውቃለህ። ቆሻሻ በኢንተርኔት ቢወጣ ማፈሪያ ነው፤ ደግሞ ለሚቀዳው መንገድ መክፈት ነው» አለኝ። ግማሽ እውነት አለው። መጥፎ ጽሑፍ መኖሩን አልክድም፤ እኔም ሁለተኛ ዓመት ላይ የጻፍኩትን ብታገኙት አታሳዩብኝ። ነገር ግን ኮፒ መሆኑ የሚታወቀው ዋናው ሲታይ ነው። መደርደሪያ ላይ የተደበቀ ጽሑፍ ለሌባ ይመቻል፤ የሚያውቅበት የለምና። ከዚህም በላይ፣ ሂስ የሚባለው ሥራ በመልካሞቹ ብቻ አይሠራም። አሥር መካከለኛ ግጥም ያላነበበ አሥራ አንደኛው ለምን ጥሩ እንደሆነ አያውቅም።

ያላሸነፍኩት ክርክር ሌላ ነው፤ እሱንም ያነሣችው የክፍላችን ልጅ ናት። «ያቺ ያለቀሰችው እናት ፈቅዳለች?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያኔ እናትየዋ ያንጎራጎረችው ለልጇ ነው፤ ልጇም የጻፈው ለአንድ መምህርና ለአንድ መደርደሪያ ነው። ዓለም ሁሉ በስልኩ ያነበዋል ብላ አይደለም። በየጽሑፉ መጨረሻም የመረጃ ሰጪዎች ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ተዘርዝሯል፤ አንዳንዱ የነገረው ነገር ዛሬም ከጎረቤት ሊያጣላው ይችላል። በብዕር ስም የጻፉ ተማሪዎችም አሉ፤ አያት ሆነው ያሉ፣ ያንን ዘመን ለልጆቻቸው እንኳ ያልነገሩ። ስማቸውን አውጥቶ ካታሎግ ላይ መለጠፍ የአሳሹን ሥራ ዘግይቶ መጨረስ ይመስለኛል። ስለዚህ ጽሑፉ ይከፈት፣ የመረጃ ሰጪዎቹ ዝርዝር ግን ለንባብ ክፍል ይቆይ፤ ጸሐፊው በሕይወት ካለ ይጠየቅ፤ የውጤትና የዲሲፕሊን ፋይል ደግሞ ጭራሽ አይንካ እላለሁ። ያቺ ልጅ ግን በዚህም አልረካችም፤ «እናትየዋን ማን ይጠይቅልሃል?» አለችኝ። የሚቀጥለው ቁጥር ላይ ትጻፍበት።

ሂስ ካለ ግለ ሂስም አለ። ስድስት ኪሎ ሦስት ቀን ተቀምጬ የቀዳሁት የራሴን ፍላጎት ነው። የምስጋናውን ገጽ፣ የጤፍና የበቆሎውን ማስታወሻ፣ ሁሉንም በደብተሬ ገለበጥኩ፤ ይሁን እንጂ የመረጃ ምንጭ ስጠቅስ ምን ጻፍኩ? የጸሐፊውን ስም፣ ርእሱንና ዓመቱን፤ በግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል። የእኔን ጽሑፍ የሚያነብ ልጅም እንደ እኔው አውቶቡስ መሳፈር ይኖርበታል። ከዚያ ወዲህ አማካሪዬን አስፈቅጄ የግጥሞቹን ሙሉ ቃል ከነማስታወሻቸው በአባሪ አስገብቻለሁ። ዘጠኝ ገጽ ጨመረብኝ፤ የጠረዛው ዋጋም እንዲሁ።

ስለዚህች መጽሔትም ልናገር። በስቴንስል እናባዛለን፤ ቀለሙ እጅ ላይ ይቀራል፤ እንደምታውቁት የመጨረሻዎቹ ቅጂዎች ደብዝዘው ነው የሚወጡት። ያለፈው ዓመት ቁጥር አንድ ቅጂ እንኳ በክበባችን ሣጥን ውስጥ የለም። ከአንድ ተመራቂ እጅ አግኝቼ ባለፈው ሳምንት ወደ ቤተ መጻሕፍታችን የኮምፒዩተር ክፍል ወሰድኩት። እዚያ የሚሠሩት እትዬ በትሕትና ተቀበሉኝ፤ ገጾቹን አንድ በአንድ በስካነር አነሡልኝ፤ ምሳ ሰዓታቸውን ሠውተው። ከዚያ ፕሮግራሙ «ዓይነት» ብሎ ጠየቀ። ዝርዝሩን አብረን ወረድን፤ መጽሐፍ፣ የመጽሐፍ ምዕራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ቪዲዮ፣ ቴክኒካዊ ሪፖርት። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ምን ይባላል?» አሉኝ። ከዝርዝሩ ግርጌ «ሌላ» የሚል ነበር፤ እሱን መረጥን። ቀጥሎ የአማካሪ ስም ጠየቀ። አማካሪ የለንም። እትዬ ትንሽ አሰቡና የእኔን ስም ጻፉ፤ አባቴን አስቀድመው።